ሠላሳ ሦስተኛው በር

እትየ ጥሩ ማረፋቸውን የነገረችኝ ስንዱ ናት፤ በስልክ፣ በሥራ ሰዓት። እኔ እዚህ እስራኤል፣ ፖሌግ በሚባል የኢንዱስትሪ ዞን ባለው የአርክቴክቶች ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ በአንድ ባዶ መሬት ላይ ስንት አፓርታማ እንደሚወጣ ለማወቅ ከኮምፒውተሩ ጋር እታገላለሁ። «አረፉ» አለችኝ። «ዛሬውኑ ይቀበራሉ፤ ድረሽ።» ስልኩን ስዘጋ አለቃዬ ኢሪት ከወዲያኛው ጠረጴዛ «እሺ፣ ስንት ወጣ?» አለችኝ። «አርባ አራት» አልኳት። ይታያችሁ፣ ሰው ሞተብኝ ከማለቴ በፊት ቁጥሩን ነው የነገርኳት።

ሥራዬን ላስረዳ፤ አለዚያ እኒያን ሴትዮ ምን እንዳደረግኋቸው አይገባችሁም። አሮጌ ሺኩን፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማለት ነው፣ አፍርሶ በቦታው ረጅም ፎቅ የሚያቆመውን ሰው እዚህ ያዛም ይሉታል። ያዛም ቢሯችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ዲራ፣ ስንት አፓርታማ ይወጣል? እኔ የመሬቱን ወሰን ለፕሮግራሙ እሰጠዋለሁ። የፎቁን ብዛት፣ የደረጃውንና የአሳንሰሩን ቦታ፣ ባለ ሦስት ክፍሉ ስንት፣ ባለ አራቱ ስንት ይሁን የሚለውን እነግረዋለሁ። እሱ ፎቁን ሁሉ በቀለም ይሞላና ከታች ጥግ ላይ አንድ ቁጥር ያወጣል። ግድግዳ ሲገፋ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ኮሪደር ሲጠብ ይለወጣል። ግምት ነው። ሰው ቤቱን ለቆ የሚወጣው ግን በዚያ ግምት ነው።

እትየ ጥሩ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። በሱዳን በኩል ከመጡት ናቸው። ሁለት ልጅ መንገድ ላይ እንደቀበሩ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ እንጂ እሳቸው አንድም ቀን አላነሱትም። ረዥም፣ ደረቅ ያሉ፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚመዝኑት የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ከመናገራቸው በፊት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኛ ልጆቹ ነጠላው ወደ አፋቸው ሲሄድ ካየን ዝም እንላለን፤ አንድ ነገር ሊመጣ ነውና። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ቁልፍ አለ። የቤታቸው ቁልፍ አይደለም። የቤታቸው በር ቀን ቀን አይቆለፍም ነበር።

ቁልፉ የጎጆው ነው። ሺኩናችን አራት መግቢያና ሠላሳ ሁለት ቤት ነበረው። ከአራተኛው መግቢያ ጀርባ፣ ጓሮ በኩል፣ ሲሠራ የሕፃናት ጋሪ ማስቀመጫ ይሆናል የተባለ ክፍል አለ። ቧንቧ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ በሩ ወደ ጓሮ ነው የሚከፈተው። ጋሪውን ሁሉም ደረጃ ሥር ነው የሚጥለው። እትየ ጥሩ ክፍሉን ጠረጉት፣ ኖራ ቀቡት፣ ሁለት አልጋ አስገቡ፣ ከበሩ ፊት ሰባት ድንጋይ በግማሽ ክብ ደረደሩ። በቃ፣ የመርገም ጎጆ ሆነ።

ለማያውቅ ልንገር። አገር ቤት፣ በእኛ በቤተ እስራኤል መንደር፣ ሴት ደሟ ሲመጣ ከቤቷ ወጥታ መንደሩ ዳር ባለች ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች። ስትወልድም እዚያው ነው። ጎጆዋ በድንጋይ ትከበባለች። እህሉ ድንጋዩ ድረስ ይመጣላታል፤ ወንድ ግን ድንጋዩን አያልፍም። እዚህ ከመጣን ነገሩ ቀረ። ትልልቆቹ ተከራከሩበት፣ ልጆቹ አፈሩበት። ካፈሩት አንዷ እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ እናቴ «ጎጆ ግቢ» ብትለኝ አገር ይያዝልኝ አልኩ። የክፍሌ ልጆች ከጋሪ ክፍል ስወጣ ቢያዩኝስ? እትየ ጥሩ ጩኸቴን ሰምተው መጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ። «ተያት» አሏት እናቴን። «ጎጆ በግድ አይገባም። የሚያስፈልጋት ቀን በሩን ታውቀዋለች።»

አንድ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፣ ደብተር ይዟል፣ ክፍሉን ማየት አለብኝ ይላል። እትየ ጥሩ ከድንጋዩ ወዲህ ቆመው በዚያች ምንም በማታህል ዕብራይስጣቸው «ለወንድ አሱር!» አሉት። ክልክል ማለታቸው ነው። ልጁ ሳቀ፣ አንድ እግሩን አነሳ። እሳቸው አልሳቁም። እግሩን መልሶ አስቀመጠ። እሳቸው ወንበር አምጥተው ከድንጋዩ ውጭ አስቀመጡት፤ ዳቦ ሰጡት፣ በልቶ ሄደ። ምን ብሎ እንደጻፈ እንጃ፤ ተመልሶ አልመጣም።

አሁን ስንዱ። ስንዱ በሁለተኛው መግቢያ የምትኖር፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ የምታሽግ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። ባሏ ደሴ ጥበቃ ነው። ሰው ፊት ዝምተኛ ነው፣ ሽማግሌ ሲያይ ይነሳል። አንድ ሰሞን ስንዱ በወሩ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ጎጆ ስትገባ አየኋት። እኔ ያን ጊዜ ኮሌጅ ገብቼ የሕንፃ ንድፍ እማራለሁ፤ አፌ አያርፍም። «እትየ፣ ስንዱ በወር ሦስት ጊዜ ነው እንዴ የሚመጣባት?» አልኩ እየሳቅሁ።

ነጠላው ወደ አፋቸው ሄደ። «ጎጆ የገባች ሴት ቀኗ አይቆጠርባትም።»

ኋላ ስንዱ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትዞር አየኋት። የግራ ዓይኗ አልነበረም፤ እብጠት ብቻ ነው።

ደሴ በዚያው ቀን መጣ። ከድንጋዩ ውጭ ቆሞ ጮኸ፣ ሰደበ፣ ሚስቴን አውጡ አለ። ድንጋዩ የቡጢ ያህል ነው፤ ሕፃን ይዘለዋል። ደሴ ግን አላለፈውም። እናቱ እንደዚያ ባለች ጎጆ ነው የወለደችው፣ አባቱ ድንጋይ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ አይቶ ነው ያደገው። እትየ ጥሩ በሩ ላይ ተቀምጠው «ሰባት ቀን ነው፣ ልጄ» ይሉታል፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ሁለተኛው ቀን መጥቶ ቁጢጥ ብሎ ዝም አለ። በአራተኛው ወተት አምጥቶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። በሰባተኛው ጢሙን ተላጭቶ መጣና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ስንዱ ወጣች። ለጥቂት ቀን፣ ሲበዛ ለጥቂት ወር ደህና ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና። እትየ ጥሩ ይህን መፍትሔ ነው ብለው አያውቁም። «ደም የሴት አጥር ነው» ነበር የሚሉት። «አጥር ጅብን አይገድለውም፤ እስኪነጋ ያቆየዋል።»

የሺኩኑ መፍረስ ጉዳይ ቢሯችን ሲመጣ ደስታዬን አልችለውም ነበር። የራሴ ሰፈር! እናቴ አሳንሰር ልታገኝ ነው! የቀያሹን ሥዕል ለፕሮግራሙ ሰጠሁትና ያለውን ቤት ቁጠር አልኩት። ሠላሳ ሦስት አለኝ።

«መዝገቡ ሠላሳ ሁለት ይላል» አለች ኢሪት። «አንዷ ምንድን ናት?»

ፈለግኋት። ፕሮግራሙ የራሱ የውጭ በር ያለውን፣ ውሃና ሽንት ቤት ያለውን ዝግ ክፍል ሁሉ ቤት ብሎ ይቆጥራል። ጎጆዋን ቤት ብሏታል። «ኧረ የጋሪ ክፍል ናት» አልኩና ስሟን ወደ ማሕሳን፣ ወደ ዕቃ ቤት ቀየርኩ። ሠላሳ ሁለት ሆነ። ኢሪት «ጎበዝ» አለችኝ። ያ ማሽን እንኳ ቤት ነው ብሎ ነበር። ስህተት ነው ብዬ ያረምኩት እኔ ነኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ይፍረስ ብሎ እየተሽቀዳደመ ፈረመ፣ ከእትየ ጥሩ በቀር። የያዛሙ ጠበቃ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ እናቴ ሳትቀር «አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ንገሪያቸው» አለችኝ። ሄድኩ።

«ቤትማ እንደሚሰጡኝ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «በረንዳ ያለው ነው አሉ። በረንዳ ምን ያደርግልኛል? ስንት ቤት ነው የምትሠሩት?»

«ዘጠና ስድስት።»

«ዘጠና ስድስት!» አፋቸውን ጠረጉ። «ዘጠና ስድስት ሚስት ልታስገቡበት ነው። አንዷ የከፋት ቀን የት ትገባለች? እሱን የት አድርገሽዋል?»

«እሥለዋለሁ፣ እትየ» አልኩ።

ደግሞ ሣልኩት፤ በዚህ እንኳ አልዋሸሁም። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ከምድር ቤቱ ኋላ፣ ከብስክሌት ማቆሚያው ክፍል ጎን፣ ዘጠኝ ካሬ ሜትር አወጣሁ። ቧንቧ፣ ሽንት ቤት፣ ወደ ጓሮ የሚከፈት በር። በበሩ ፊት ሰባት ትንንሽ ክብ አኖርኩ። በወረቀት አውጥቼ ወሰድኩላቸው። ፊደል አያነቡም፤ ሥዕሉን ግን ጣታቸውን እየነዱ ከበሩ እስከ ቧንቧው ሄዱበት። ድንጋዮቹን ቆጠሩ። «ሰባት» አሉ፤ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በጠበቃው ወረቀት ላይ በዕብራይስጥ ስማቸውን ጻፉ። ሦስት ፊደል ናት፤ ጨርሰው ብዕሩን እስኪያስቀምጡ ጣታቸው ነጭ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ያዛሙ የመጨረሻውን ቁጥር ጠየቀ። ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ከታች ጥግ ላይ ዘጠና አምስት ይላል። ጎጆዋ ከጎኗ ያለውን የምድር ቤት ዲራ አጥብባዋለች፤ ሲጠብ ፕሮግራሙ ቤት ብሎ አይቆጥረውም። ያዛሙ ደግሞ ከዘጠና ስድስት በታች ከሆነ እንተወው ብሏል። ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

ኢሪትን መጠየቅ እችል ነበር። አንድ ግድግዳ ወዲህ አንድ ግድግዳ ወዲያ ብለን እንሞክር ማለት እችል ነበር። አልሞከርኩም። ቁጥሩን ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው። ማፈሬ ነው የያዘኝ። ኢሪት «ይቺ ክፍል ምንድን ናት?» ትለኛለች። ምን ልበላት? በዚያ ንጹሕ ቢሮ፣ በዚያ ሁሉ መስታወት መካከል፣ የደም ጎጆ ናት ልበላት? አፌ እሺ አላለኝም። ክፍሏን መረጥኩና አጠፋኋት። ድንጋዮቹ ተረስተው ነበር፤ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ዘጠና ስድስት።

ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራቸዋለሁ ስል ሺኩኑ ፈረሰ። ማሽኑ የመጀመሪያውን ግድግዳ ሲመታ ጎረቤቱ እልል ብሎ በስልኩ ይቀርፃል። እትየ ጥሩ ከኋላ ቆመው «የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» አሉ። አላለቀሱም ግን። ቁልፋቸው አንገታቸው ላይ ነበር።

አዲሱ እስኪያልቅ ሁሉም በየኪራይ ቤቱ ተበተነ። እሳቸውን ኤይን ሀትኽሌት በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ አስገቧቸው፤ ስንዱና ደሴ ከእሳቸው ሁለት መንገድ አልፎ። የሰጠኋቸውን ወረቀት አልጋቸው ራስጌ በፕላስተር ለጠፉት። ስንዱ ፊቷ ጠቁሮ በመጣች ቁጥር ወረቀቱን ያሳዩዋታል። «ይኸው፣ በሩ ይኸው ነው። እስኪያልቅ ቻይው፣ ልጄ።» እኔም ቁጭ ብዬ ይህን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ሻይዬን ጠጥቻለሁ።

ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከባሕሩ ዳር ሰባት ድንጋይ ለቅመው በኪራይ ቤቱ በር ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ደረደሩ። የሕንፃው ነዋሪዎች ሰው ያደናቅፋል ብለው ጠርገው ጣሉት። እንደገና ደረደሩ፤ እንደገና ተጠረገ። ሦስተኛ ጊዜ መልቀም አልቻሉም፤ ደረጃው አድክሟቸዋል።

የዚያን ዓርብ ነገር ስንዱ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው በባዶ እግሯ እየሮጠች እትየ ጥሩ ቤት ገባች። ደሴ ተከትሎ መጣ። እትየ ጥሩ በሩን ገርበብ አድርገው ከኋላው ቆሙና እንደ ልማዳቸው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ጎጆ ገብታለች። ሰባት ቀን ነው፣ ልጄ» አሉት።

ደሴ ወደ መሬት አየ አለች ስንዱ። ድንጋዩን ፈልጎ ነው። የለም።

«ይሄ ጎጆ አይደለም» አላቸው። «ዲራ ነው።»

በሩን ገፋው። እሳቸው ከበሩ ኋላ ነበሩ።

የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ደሴ ራሱ ነው አምቡላንስ የጠራው፤ ፖሊስ እስኪወስደው ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅስ ነበር አሉ። እኔ ለእሱ እንባ የሚሆን አንጀት የለኝም። ለራሴም የለኝም።

ሆስፒታል አንድ ወር ያህል ተኙ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሄጄ፣ አልጋቸው ሥር ቆሜ፣ «እትየ፣ ክፍሉ የለም» አልኩ። «አጥፍቼዋለሁ።»

ነጠላ አልለበሱም፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄዶ የሚጠርግበት አጣ።

«መቼ?»

«በፈረሙ በሦስተኛው ቀን።»

«ስንት ሆነላችሁ?»

«ዘጠና ስድስት።»

«ከጎጆው ጋርስ?»

«ዘጠና አምስት።»

«በአንድ ነዋ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ለስንዱ አትንገሪያት። ያን ወረቀት ይዛ ነው የቆመች» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሱትም። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የእናቴን ጤና ጠየቁ፣ መረቁኝ። ምነው በረገሙኝ አልኩ።

ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ስንዱ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከጡት መያዣዋ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ያ ወረቀት ነው፣ ፕላስተሩ እንኳ አልተላቀቀም። ቁልፉም በጥቁር ክሩ አንገቷ ላይ አለ። እትየ ጥሩ ሰጥተዋታል።

«ሕንፃው መቼ ነው የሚያልቅ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ደሴ ወደ እኔ እንዳይጠጋ ስድስት ወር ከልክለውታል። ክፍሏ ከዚያ በፊት ትደርሳለች?»

እትየ ጥሩ አትንገሪያት ብለውኛል። ግን ይቺ ሴት ቀን እየቆጠረች ነው፤ የምትቆጥረውም በእኔ ሥዕል ነው። ስድስቱ ወር አልቆ፣ ይህን ወረቀት ይዛ፣ የሌለ በር ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ ስትዞር ታየችኝ።

«ስንዱዬ» አልኩ። «ክፍሏ የለችም። አልተሠራችም። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን በድሮው እጥፋቱ አጠፈችው። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣችና መዳፌ ላይ አኖረችው። «እንኪ» አለች። «የት እንደሚገባ የምታውቂው አንቺ ነሽ።» ተነስታ ወጣች። አሁን ሌላ ከተማ እህቷ ጋ ናት አሉኝ፤ ደውዬላት አላነሳችም።

ቁልፉን ቢሮ ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከስክሪኑ ሥር አስቀመጥኩት። በአዲሱ ሕንፃ የምድር ቤቱ ኮንክሪት ፈስሶ ደርቋል፤ አምስተኛው ፎቅ ላይ ደርሰዋል። ትናንት ኢሪት ልታልፍ ስትል ቆመችና «የምን ቁልፍ ነው?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ነገርኳት። ጎጆውን፣ ድንጋዩን፣ የስንዱን ዓይን፣ ዘጠና አምስቱን፣ ዓርቡን፣ ሁሉንም። ወንበር ስባ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ አንድም ጊዜ አልሳቀች። ስጨርስ የምድር ቤቱን ንድፍ ከፈተች፣ ጣቷን አንድ ግድግዳ ላይ አስቀመጠች።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አለችኝ። «የብስክሌቱን ክፍል እናጠብበው ነበር።»